ሚዛንሴን ሚዛን አይደለም፦ የፊልም ሰዎች ቋንቋ ለጀማሪ

ፊልም የሚቀረጽበት ቦታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ረዳት ሆኜ የገባሁ ቀን፣ አንዱ ከካሜራው ጀርባ «አፕል ቦክስ አምጣ!» ብሎ ጮኸብኝ። አፕል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ቦክስም አውቃለሁ። ስለዚህ ፖም ያለበት ካርቶን ፍለጋ ምግብ ወደተቀመጠበት ጥግ ሮጥኩ። ባዶ እጄን ስመለስ ሌላ ሰው አምጥቶት ተዋናይዋ ላዩ ላይ ቆማለች። ለካ አፕል ቦክስ ጠንካራ የእንጨት ሳጥን ነው። አጠር ያለ ሰው ይቆምበታል፣ ጠረጴዛ ከፍ ይደረግበታል፣ የደከመው ይቀመጥበታል። ፖም የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከሌላኛው ወገን መጣብኝ። ስለ ፊልም የተጻፈ ትንታኔ ሳነብ «የዳይሬክተሩ ሚዛንሴን» የሚል አጋጠመኝ። ስለ ምስሉ ሚዛን የሚያወራ መስሎኝ ግማሽ ገጽ በተሳሳተ መንገድ አነበብኩ። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ ከእኛ ሚዛን ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ወደሱ እንመለሳለን።

ከእነዚህ ሁለት ቅሌቶች የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ የፊልም ቋንቋ የሚባለው አንድ ቋንቋ አለመሆኑን ነው። የሚሠሩት ሰዎች አንድ አላቸው፤ እየሮጡ፣ እየጮኹ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅባቸው የሚናገሩት። የሚያጠኑት ሰዎች ሌላ አላቸው፤ ተቀምጠው፣ ምስሉን አቁመው፣ ወደ ኋላ እየመለሱ የሚናገሩት። ብዙ ቃል ይጋራሉ። ግን የተጋሩትን ቃል ሁሌ ለአንድ ነገር አያውሉትም። ጀማሪ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው እንጂ ቃሎቹ ከብደው አይደለም። ዝርዝር ይዞ ከሀ እስከ ፐ መሸምደድ ደግሞ አያዋጣም፤ ሞክሬው በሳምንቱ ጠፍቶብኛል። ቃሉን ማን እንደሚለው፣ መቼና ለምን እንደሚለው ካወቃችሁ ግን ሳትታገሉ ይያዛል።

በሾት እንጀምር፤ ሁሉም ነገር የሚቆጠረው በእሱ ነው። ለሚቀርጹት ሰዎች ሾት ማለት ካሜራው መቅዳት ከጀመረበት እስካቆመበት ያለው ነው። ለሚያጠኑት ደግሞ ባለቀው ፊልም ውስጥ ከአንዱ ቁርጥ እስከ ቀጣዩ ቁርጥ ያለው ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። አንድ ሰው በር ከፍቶ ገብቶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሳታቋርጡ አንድ ደቂቃ ቀረጻችሁ እንበል። እናንተ ዘንድ ይህ አንድ ሾት ነው። ኤዲተሩ መሀሉ ላይ የግድግዳ ሰዓት ምስል ካስገባበት ግን ተመልካቹ የሚያየው ሦስት ሾት ነው፦ ሰውየው፣ ሰዓቱ፣ እንደገና ሰውየው። ማንም አልዋሸም። አንዱ ካሜራውን ይቆጥራል፣ ሌላው ቁርጡን።

ያንኑ ሾት ደጋግማችሁ ስትቀርጹ እያንዳንዱ ሙከራ ቴክ ይባላል። ተዋናዩ ቃሉ ጠፋበት፣ ቴክ 2። አውሮፕላን አለፈ፣ ቴክ 3። ሁሉም ነገር አሪፍ ሆኖ ሳለ ዳይሬክተሩ «በቃ አንዴ ብቻ እንድገመው» አለ፣ ቴክ 4። ሲን ወይም ትዕይንት ደግሞ በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ድርጊት ነው። ሰዎቹ ከሳሎን ወጥተው መኪና ውስጥ ከገቡ ሲኑ ተቀየረ። በርካታ ሲኖች ተያይዘው አንድ ትልቅ ነገር ሲጨርሱ፣ ለምሳሌ ዝርፊያው ከውጥኑ እስከ ሽሽቱ፣ ሲኩዌንስ ይሉታል። የዚህኛው ድንበር ልል ነው። ሁለት ባለሙያ አንድ ሲኩዌንስ የት እንደሚያልቅ ብትጠይቁ ሁለት መልስ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ቁጥሮቹ የሚጻፉት በዚያች ዝንጉርጉር ክንድ ባላት ሰሌዳ ላይ ነው። ክላፐር ይሏታል፣ ስሌትም ይሏታል። (ስሌት ሲሏት ሒሳብ እንዳይመስላችሁ፤ ይህም እንደ ሚዛንሴን ነው።) ብዙ ሰው ለወግ ያህል የሚመታ የሚመስለው «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ዋና ሥራዋ ነው። ምስሉን ካሜራው ይቀዳል፤ ድምፁን ግን ብዙ ጊዜ ሌላ መሣሪያ ለብቻው ነው የሚቀዳው። ኋላ ሁለቱን ማጋጠም አለ። ኤዲተሩ ምስሉን ክንዷ ሰሌዳውን በነካችበት ቅጽበት ላይ ያቆማል። በድምፁ መስመር ላይ ደግሞ ድንገት ሹል ብሎ የወጣውን ቦታ ይፈልግና ከሥሩ ያስቀምጠዋል። አለቀ፤ ከንፈርና ቃል ገጠሙ። ሰሌዳ ከሌላችሁ ካሜራው ፊት አንዴ ማጨብጨብ ያንኑ ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ላይ መምታት ካልተቻለ ደግሞ ሾቱ ሲያልቅ ሰሌዳዋን ዘቅዝቀው ይመቷታል። የተዘቀዘቀች ካያችሁ ሰውየው ተሳስቶ አይደለም፤ «ይህ የመጨረሻው ምልክት ነው» ማለቱ ነው።

ጩኸቱም ተራ አለው። መጀመሪያ ጸጥታ ይጠየቃል። ከዚያ ድምፅ ይነሳል፣ ቀጥሎ ካሜራ ይነሳል፣ የሲኑና የቴኩ ቁጥር ይነበባል፣ ቀጭ። «አክሽን» የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ድምፅ ካሜራን የሚቀድመው በፊልም ጥቅል ዘመን የካሜራው ጥቅል ከድምፁ ይልቅ ውድ ስለነበረ ነው። ዛሬ ሁሉም ነገር ካርድ ላይ ይቀመጣል፣ ልማዱ ግን አልተነካም።

እንዲያውም የግማሾቹ ቃላት ምሥጢር ያለው ዛሬ ብዙ ሰው ነክቶት በማያውቀው በዚያ አሮጌ ማሽን ውስጥ ነው። የተቀረጸ ምስል ፉቴጅ የሚባለው ፊልም በፉት ይለካ ስለነበረ ነው። ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በአንድ ፉት ላይ 16 ፍሬም፣ ማለትም 16 ነጠላ ፎቶ፣ ይይዛል። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሄድ በደቂቃ 90 ፉት ይበላል። ባለ 1000 ፉት ጥቅል ጭናችሁ ብትነሱ 11 ደቂቃ ገደማ ላይ ያልቅባችኋል። ከት የሚለውም የምር መቁረጥ ነበር፤ ፊልሙን ቆርጦ፣ ከሌላው ጋር አጣብቆ መቀጠል።

ፍሬም የቆመች አንዲት ፎቶ ናት። ፊልም የሚባለው እነዚህ ፎቶዎች ተከታትለው ሲሮጡ ነው። በድምፅ አልባው ዘመን ብዙ ካሜራ የሚዞረው በእጅ ስለነበረ ፍጥነቱ እንደ ቀራጩ እጅ ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ድምፅ ከምስሉ ጋር ሲመጣ ግን ይህ አላስኬደም። ዓይናችን ትንሽ የፍጥነት መዛነፍ ቢያልፍም ጆሮ አያልፍም፤ የሰው ድምፅ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ስለዚህ አንድ ቋሚ ፍጥነት ያስፈልግ ነበርና 24 ላይ ቆረጡ።

ስሎው ሞሽን እንዴት እንደሚሠራ የሚገባችሁም ያንን እጅ ስታስቡት ነው። ነገሩ ግልባጭ ነው፦ ምስሉን ለማዘግየት ካሜራውን ማፍጠን አለባችሁ። በሰከንድ 48 ፍሬም ቀርጻችሁ በ24 ስታሳዩት፣ አንዷ ሰከንድ ሁለት ሰከንድ ትሆናለች። ባለሙያዎቹ አሁንም ኦቨርክራንክ ይሉታል፤ እጀታውን ከልክ በላይ ማዞር ማለት ነው። እጀታው ራሱ ከካሜራው ላይ ከጠፋ ግን ዘመናት አልፈዋል።

የሾት መጠን የሚለካው በሰው አካል ነው፤ ይህን ካወቃችሁ ብዙ ማስታወስ አይጠበቅባችሁም። ሰውየው ከነአካባቢው ትንሽ ሆኖ ከታየ ዋይድ ወይም ሎንግ ሾት ነው። ከወገብ በላይ ከሆነ ሚዲየም። ፊቱ ምስሉን ከሞላው ክሎዝአፕ። ዓይኑ ብቻ ወይም ጣቱ ብቻ ከሆነ ኤክስትሪም ክሎዝአፕ። በመሀል ከጭን በላይ የሚይዝ አለ፤ ካውቦይ ሾት ይሉታል፣ ወገብ ላይ የተንጠለጠለው ሽጉጥ መታየት ስላለበት ነው ይባላል። ፈረንሳዮች ደግሞ ያንኑ «የአሜሪካ ሾት» ይሉታል።

አንግል ላይ ብዙም አልቆይም። ካሜራው ከላይ ወደታች ካየ ሃይ አንግል፣ ከታች ወደላይ ካየ ሎው አንግል። «ከታች የተቀረጸ ሰው ኃያል ይመስላል» የሚለውን ሕግ በየቦታው ታነባላችሁ። እንደ መነሻ አይከፋም፣ እንደ ሕግ ግን አትያዙት። ከታች የተቀረጸ ሰው ምስኪን የሚመስልባቸው፣ ጣራው ጭንቅላቱ ላይ ሊወድቅ የደረሰ የሚመስልባቸው ሾቶች ሞልተዋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚቀላቅለው ነገር። ካሜራው ባለበት ቆሞ አንገቱን ወደ ግራና ቀኝ ካዞረ ፓን ነው (ከፓኖራማ የመጣ ነው)። ወደላይና ወደታች ከሆነ ቲልት። ራሱ ካሜራው ከቦታው ተነስቶ ከሄደ ዶሊ ወይም ትራክ፤ ዶሊ የሚባለው የሚጫንበት ባለ ጎማ ጋሪ ነው። እስኪ ቁሙና ራሳችሁ ሞክሩት፦ አንገታችሁን ብቻ ስታዞሩ ፓን ናችሁ፣ ስትራመዱ ዶሊ ናችሁ። ዙምን ግን ልትሆኑት አትችሉም። የሰው ዓይን ዙም የለውም። ዙም ሲደረግ የሚሰማን እንግዳ ስሜት ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል።

«መቅረብ ያው መቅረብ ነው፣ በጎማም ሆነ በሌንስ» የሚል ሰው አለ። እኔም እል ነበር። ልዩነቱን ያሳየኝ ቀላል ሒሳብ ነው። ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው ሰዎች አንዱ ከሌላው 2 ሜትር ኋላ ይቁሙ። ካሜራው ከፊተኛው 1 ሜትር ላይ ከሆነ ከኋለኛው 3 ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ኋለኛው በምስሉ ላይ የፊተኛውን ሲሶ ብቻ ያህል ይታያል። ካሜራውን ወደ 10 ሜትር አርቁት፤ ኋለኛው 12 ሜትር ላይ ነው፣ ሁለቱ ሊተካከሉ ምንም አልቀራቸው። ከዚያ የፈለጋችሁትን ያህል ዙም አድርጉ። ሁለቱም አብረው ያድጋሉ እንጂ ተመጣጣኝነታቸው አይለወጥም። የነገሮችን ርቀትና ቅርበት የሚወስነው ካሜራው የቆመበት ቦታ ነው፤ ሌንሱ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉን እንደሚያሳይ ብቻ ይመርጣል። ስልክ ፊታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ራሳችሁን ስታነሱ አፍንጫችሁ የሚገዝፈውም ለዚሁ ነው። ስልኩን አትርገሙት፤ እጃችሁ አጥሮ ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ ካደረጋችሁ፣ ማለትም ካሜራው ወደ ኋላ እየሄደ ሌንሱ ወደፊት ዙም ካደረገ ወይም በግልባጩ ከሆነ፣ ሰውየው መጠኑን ሳይለቅ ከጀርባው ያለው ዓለም ይለጠጣል ወይም ይጨመደዳል። ዶሊ ዙም ይባላል። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1958 ቨርቲጎ በተባለው ፊልሙ ከፍታ የሚያስፈራው ሰው የሚሰማውን የራስ ማዞር ያሳየው በዚህ ዘዴ ነው፤ ብዙዎች የፊልሙን ስም አስታከው ቨርቲጎ ኢፌክት የሚሉትም ለዚህ ነው። ከላይ ያለውን ሒሳብ ከተረዳችሁ አስማቱ አስማት መሆኑ ይቀራል። እኔን ግን አሁንም ሆዴን ያላውሰኛል።

ቀጥሎ ደግሞ ካሜራው መሻገር ስለሌለበት መስመር፤ የማወራው ራሴ ወድቄበት ስለማውቀው ነው። ሁለት ጓደኞቼን ፊት ለፊት አስቀምጬ ሲጨቃጨቁ ቀረጽኩ። አንዱን ከፊቱ ወሰድኩ፣ ከዚያ «ከዚህ በኩል ብርሃኑ ይሻላል» ብዬ ጠረጴዛውን ዞሬ ሌላኛውን ወሰድኩ። ሁለቱም ሾት ለብቻው ሲታይ ያምራል። ሳጋጥማቸው ግን ሁለቱም ወደ ቀኝ ያያሉ። የተጣሉ ሰዎች ሳይሆኑ አንድ ወረፋ ላይ ተከታትለው የቆሙ ሰዎች መሰሉ። ግማሽ ሌሊት ኤዲቲንግ ላይ ተሰቃይቼ አልተስተካከለም፤ አይስተካከልምም። አንዱን ሾት እንደ መስታወት ማገልበጥ ይቻል ነበር፣ ግን ልጁ የለበሰው ቲሸርት ላይ ጽሑፍ አለ።

የጣስኩት የ180 ዲግሪ ሕግ የሚባለውን ነው። በሁለቱ ሰዎች መሀል የማይታይ ቀጥ ያለ መስመር እንዳለ አስቡ። ከመስመሩ በአንዱ ወገን ቁሙ፣ እዚያው ወገን ሆናችሁ የፈለጋችሁበት ተንቀሳቀሱ፣ ግን አትሻገሩ። ያኔ አንዱ ሁሌ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ሁሌ ወደ ግራ ያያል። ተመልካቹም ሁለቱን በአንድ ሾት ባያያቸውም እየተያዩ መሆናቸውን ያምናል። አንዱን ከዚያ ሌላውን እያፈራረቁ ማሳየቱ ሾት ሪቨርስ ሾት ይባላል፤ የምታዩት ጭውውት ሁሉ አብዛኛው የሚሠራው በእሱ ነው። ሆን ብለው የሚሻገሩም አሉ፣ ተመልካቹን ለማደናገር። የእኔው ግን ሆን ተብሎ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ይጋጠማሉ። ቀራጩ «መስመሩን አትሻገር» ያለውን አጥኚው «ኮንቲኒዩቲ ኤዲቲንግ» ይለዋል፤ ቁርጡ እንዳይታወቅ፣ ጊዜና ቦታ ሳይሰበር እንዲፈስ ማድረግ። ቀረጻው ላይ ደግሞ ኮንቲኒዩቲ ሲባል ይበልጥ ተጨባጭ ነገር ነው፦ ብርጭቆው ባለፈው ሾት ግማሽ ነበር፣ አሁን ለምን ሞላ? ይህን የምትከታተለው ሴት ወይም ወንድ ስክሪፕት ሱፐርቫይዘር ትባላለች፣ ይባላል። በእኔ እምነት ቀረጻ ቦታ ላይ ካሉት ሁሉ አስተዋይ ዓይን ያለው እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ሞንታዥ ደግሞ ሦስት ነገር ስለሆነ ማን እንደተናገረው ሳትጠይቁ አትለፉ። ለፈረንሳዮች ኤዲቲንግ ማለት ብቻ ነው፤ ቃሉ መገጣጠም ማለት ነውና። ለሆሊውድ ሰዎች ረጅም ጊዜን በሙዚቃ ታጅቦ የሚያሳጥር ክፍል ነው፤ ቦክሰኛው ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ገመድ ይዘላል፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ወር አለፈ። ለ1920ዎቹ የሶቪየት ፊልም ሰሪዎች ግን ሞንታዥ ከዚህ ሁሉ የጠለቀ ነገር ነበር። ሁለት ምስል ሲጋጠሙ በሁለቱም ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ነገር ይወለዳል ይሉ ነበር።

ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባለው ሩሲያዊ ይህን የሞከረበት መንገድ አሁንም ድረስ ይነገራል። የአንድን ተዋናይ ፊት፣ ምንም የተለየ ስሜት የማይታይበትን ያንኑ ሾት፣ ከተለያየ ምስል ጋር አጋጠመው። ዘገባዎቹ በዝርዝሩ ቢለያዩም የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ከአንድ ሳህን ሾርባ ጋር ሲሆን ተመልካቹ ሰውየው ራበው አለ፤ ከሬሳ ሣጥን ጋር ሲሆን አዘነ አለ፤ ከሴት ጋር ሲሆን ተመኘ አለ። ፊቱ ግን አንድ ነው። ይህ ኩሌሾቭ ኢፌክት ይባላል፤ ሙከራው የተደረገው ከ1910ዎቹ ማብቂያ እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። በስልካችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አንድ ሰው ለአምስት ሰከንድ ዝም ብሎ መስኮት እንዲያይ አድርጉ። ከዚያ ሾት ቀጥሎ አንዴ የሚጫወቱ ልጆች፣ አንዴ ባዶ መንገድ አስገቡበት። ለሁለት የተለያዩ ሰዎች አሳይታችሁ ሰውየው ምን እያሰበ እንደሆነ ጠይቁ።

ጃምፕ ከት የሚባለው ደግሞ መጀመሪያ ስህተት ነበር፤ ካሜራው ብዙም ቦታ ሳይቀይር መሀል ላይ ጊዜ ሲቆረጥ ሰውየው ዝላይ የዘለለ ይመስላል። በ1960 ዣን ሉክ ጎዳር የመጀመሪያውን ረጅም ፊልሙን ሆን ብሎ በዚህ ሞላው። ከዚያ ወዲህ ስታይል ሆነ። ዛሬ ካሜራ ፊት ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ሁሉ ትንፋሹንና «እ...» የሚለውን ቆርጦ ሲያወጣ የሚጠቀመው እሱኑ ነው፤ ስሙን ባያውቀውም።

እንግዲህ ወደ ሚዛንሴን። መጀመሪያ የቲያትር ቃል ነበር፤ ቃል በቃል መድረክ ላይ ማስቀመጥ ማለት ነው። በፊልም ጥናት፣ ካሜራው ፊት ሆኖ በምስሉ ውስጥ የሚታየው ሁሉ ሚዛንሴን ነው፦ ቤቱ፣ ዕቃው፣ ልብሱ፣ ብርሃኑ፣ ተዋናዩ የት እንደቆመና ወዴት እንደተንቀሳቀሰ። ባልና ሚስት ተኳርፈው በረጅም ጠረጴዛ ሁለት ጫፍ ቢቀመጡ፣ መሀላቸው ላይ ያለው ባዶ እንጨት ከንግግራቸው በላይ ያወራል። ያ ሚዛንሴን ነው። ካሜራው ዙም አደረገ ወይም ኤዲተሩ ቆረጠ ካላችሁ ግን ወደ ሌላ ክፍል አልፋችኋል። አንዳንዶች የካሜራውንም ሥራ ይጨምሩበታል፤ ስታነቡ ጸሐፊው የቱን እንደያዘ እዩ።

ብርሃን ከሚዛንሴን ውስጥ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ኪ ላይት ዋናው ብርሃን ነው፣ ፊል ላይት ዋናው የፈጠረውን ጥላ የሚያለሰልሰው፣ ባክላይት ሰውየውን ከጀርባው ካለው ጨለማ የሚለየው። ሰው የሚሳሳተው ሎው ኪ በሚለው ነው። ደካማ ዋና መብራት ማለት አይደለም። ፊሉ ተቀንሶ ጥላው የጠቆረበት፣ ብርሃንና ጨለማው የሚፋጠጡበት ምስል ነው። ሃይ ኪ ደግሞ በተቃራኒው ጥላ የሌለበት ብሩህ ነው፤ ብዙ ኮሜዲ እንደዚያ ነው የሚበራው። መብራቱን የሚመራው ሰው ጋፈር ይባላል። ካሜራ የሚጫንበትን የሚያስሩት፣ ብርሃን የሚጋርዱትና ቅርጽ የሚያስይዙት ግሪፖች ናቸው። ቤስት ቦይ ደግሞ የጋፈሩ ወይም የግሪፖቹ አለቃ ምክትል ነው፤ ልጅ ወይም ወንድ መሆን አይጠበቅበትም። አንድ ቦታ «ሆት ሴት» ተብሎ ከተለጠፈ ይሞቃል ማለት ሳይሆን ቀረጻው ስላላለቀ ምንም አትንኩ ማለት ነው። እኔ ወንበር ነክቼ ተቆጥተውኛል።

ለትረካው ክፍል ከእንግሊዝኛ መበደር ብዙም አያስፈልገንም፤ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረን ቃል በቂ ነው። መቼት አለን፣ መቼንና የትን አጋጥሞ የተሠራ፣ በጣም የምወደው ቃል። ገጸ ባሕርይ አለን፣ ግጭት አለን፣ ዘውግ አለን። ታሪክና ሴራም አሉን፣ እነዚህን ሁለቱን ግን አትቀላቅሉ። ታሪክ የሆነው ሁሉ ነው፣ በሆነበት ቅደም ተከተል፤ ሴራ ደግሞ ፊልሙ ያንን የሰጠን በምን ተራና በምን አቀራረብ እንደሆነ ነው። ሰውየው ገደለ፣ ሸሸ፣ ተያዘ፤ ይህ ታሪኩ ነው። ፊልሙ ከመያዙ ጀምሮ ወደ ኋላ ቢሄድና ገዳይነቱን እስከ መጨረሻ ቢደብቀን ያ ሴራ ነው። ሴራ ተንኮልም ማለት መሆኑ እንዲያው ልክ ነው፤ ዳይሬክተሩ በእኛ ላይ የሚዶልተው እዚያ ነው።

አንድ የምር የሚያስፈራ ቃል አለ፣ ዳይጀቲክ። ምንጩ ግሪክ ነው፣ ትረካ ከሚለው። ፈተናው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ገጸ ባሕርይዋ ትሰማዋለች ወይ? ራዲዮ ከፍታ የምትሰማው ዘፈን ዳይጀቲክ ነው፤ የታሪኩ ዓለም ውስጥ አለ። ስታለቅስ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የሚነሳው ቫዮሊን ደግሞ ነንዳይጀቲክ ነው፤ የምንሰማው እኛ ብቻ ነን። ዳይሬክተሮች በዚህ ድንበር መጫወት ይወዳሉ። ትልቅ ሙዚቃ ይነሳል፣ ልባችን ይሞላል፣ ከዚያ አንድ እጅ ገብቶ ራዲዮኑን ያጠፋዋል።

ከድምፅ ሳልወጣ፦ የእግር ኮቴ፣ የልብስ መንሿሿት፣ የበር ሲጢጥታ አብዛኛው ኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ምስሉን እያዩ በሰው እጅና እግር የሚሠራ ነው። ፎሊ ይባላል፣ በሆሊውድ የዚህ ሥራ ፈር ቀዳጅ በነበረው በጃክ ፎሊ ስም። ሩም ቶን ደግሞ የዝምታ ቅጂ ነው። የቀረጻው ቦታ ሁሉ ሰው ጭጭ ብሎ ግማሽ ደቂቃ ያህል የባዶ ክፍሉ ድምፅ ይቀዳል፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዝምታ አለውና፣ ኤዲተሩ በንግግሮቹ መሀል የሚቀሩትን ክፍተቶች የሚደፍነው በእሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው የኅሊና ጸሎት ይመስለዋል።

ኦተር የሚለውንም ትሰማላችሁ፣ ፈረንሳይኛው ደራሲ ማለት ነው። በ1950ዎቹ በፈረንሳይ ካዬ ዱ ሲኔማ መጽሔት ዙሪያ የነበሩ ወጣት ሐያስያን፣ በተለይም ፍራንሷ ትሩፎ በ1954 ባወጣው ጽሑፍ፣ የፊልም እውነተኛ ደራሲ ዳይሬክተሩ ነው የሚለውን ክርክር አነሱ። ጠቃሚ ሐሳብ ነው፤ የአንድን ሰው ፊልሞች ጎን ለጎን አድርገን እንድናይ አስተምሮናል። ግን ስክሪፕት ሱፐርቫይዘሯንና ጋፈሩን ያየ ሰው ትንሽ ፈገግ ሳይል አይቀበለውም።

መለማመድ ለሚፈልግ የማውቀው አንድ ዘዴ ነው። ከምትወዱት ፊልም ሁለት ደቂቃ ምረጡ፤ በደንብ የምታውቁት ይሁን፣ ታሪኩ እንዳይጎትታችሁ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ ቁርጥ ባያችሁ ቁጥር ጠረጴዛውን በጣታችሁ ምቱ፣ ቁጠሩ። ሁለተኛ ጊዜ እያንዳንዱን ሾት አቁማችሁ መጠኑን ጮክ ብላችሁ ጥሩ፣ ዋይድ፣ ሚዲየም፣ ክሎዝአፕ። ሦስተኛ ጊዜ ምስሉን ሸፍናችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ፣ ገጸ ባሕርይው የማይሰማው የቱ እንደሆነ ለዩ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞክረው ከመቁጠሬ በፊት ስድስት ወይም ሰባት ቁርጥ ገምቼ ነበር። 31 ሆነ፤ አምኜ ስላልተቀበልኩት እንደገና ቆጥሬ 33 አገኘሁ።